የዊጋኑ ኦርዌል እና የ«1984»ቱ ኦርዌል

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በሁለት መጻሕፍቱ ስለ ሠራተኛው መደብ የጻፈውን ጎን ለጎን ብታዩት፣ የአንድ ሰው እጅ አይመስልም።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው «ወደ ዊጋን ፒየር የሚወስደው መንገድ» ነው። ለዚህ ሥራ በ1936 ዊጋንን ወደመሳሰሉ የሰሜን እንግሊዝ የከሰል ከተሞች ሄዶ ከሠራተኞች ጋር ኖሯል። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድም ወርዷል። ረጅም ስለነበር አሳሩን በላ። ጎብጦ ሲሄድ ከሰሉ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው። ቆፋሪዎቹ ግን ያንን መንገድ በየቀኑ ይሄዱታል፤ ለመንገዱ የሚከፍላቸው የለም። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሠራተኛው ፊት አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት። ኦርዌል የራሱንም ጉድ አልደበቀም፦ «ድሆች ይሸታሉ» እየተባለ ነው ያደገው።

በ1949 በወጣው «1984» ልብ ወለድ ደግሞ ሠራተኛው «ፕሮል» ሆኗል። ከሕዝቡ 85 በመቶ ነው፣ ግን ሎተሪና ቢራ አደንዝዘውታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን «ተስፋ ካለ ከፕሮሎች ነው» ይላል። ይበል እንጂ አንድም የፕሮል ጓደኛ የለውም። ልብስ የምታሰጣዋን ሴትዮ እንኳ የሚያያት በመስኮት ነው።

በመሃሉ ስፔን አለች፤ በእርስ በርስ ጦርነቷ ሄዶ ተዋግቷል። ኦርዌል ባርሴሎና ላይ ሠራተኛው የበላይ ሆኖ አየ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ሲነጠቅ። በ1945ቱ «የእንስሳት እርሻ» ያ ቁስል ይታያል፦ ቦክሰር የተባለው ፈረስ ጉልበቱ እስኪያልቅ ሠርቶ ለአራጅ ይሸጣል።

እርግጥ ዊንስተን ራሱ ኦርዌል አይደለም። ለእኔ ግን የዊጋኑ ይበልጣል። እዚያ ያሉት ሰዎች ምሳሌ አይደሉም፤ ይደክማቸዋል፣ ይከፋቸዋል፣ ይቀልዳሉ።