የተሰበረ እግር፦ በእንጨት ወይስ ከደህናው እግር ጋር?
ሐኪም ቤት ሩቅ ከሆነ፣ የተሰበረ እግር በእንጨት ይደገፋል ወይም ከደህናው እግር ጋር ተጣምሮ ይታሰራል። መንገዱ ረጅም ከሆነ እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ። ግን እንጨቱ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ማለፍ አለበት፤ ከሥሩም ልብስ ይደረግበት፣ አለዚያ ቆዳ ይልጣል። ከደህናው እግር ጋር ማሰር ፈጣን ነው፤ ሁለት ሦስት ሻርፕ ይበቃል። ሆኖም ሰውየው ተደግፎ እንኳ አይንቀሳቀስም፣ ቃሬዛ የግድ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ፣ ካሰራችሁ በኋላ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የነጣው በ2 ሰከንድ ገደማ ካልቀላ፣ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ፣ ማሰሪያው ጠብቋልና ወዲያው አላሉት። እባካችሁ ይህን አትርሱ! እብጠቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ደጋግማችሁ እዩት። አጥንት ቆዳ በስቶ ከወጣ ግን ወደ ውስጥ አትግፉት፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት።