ሲግናሉ ሲቆራረጥ ምርቃቱን ያተረፈልኝ ዋየርለስ ማይክ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይሄን ማይክ ስገዛ ሻጩ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፣ 250 ሜትር ይስባል። ሳጥኑም ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከስሩ በጣም በደቃቁ ደግሞ ክፍት ቦታ ላይ፣ ምንም ነገር ሳይከልለውና ሌላ ሲግናል ሳይረብሸው የሚል አለ፣ እሱን ግን ማንም ሻጭ አያነብልህም። እኔ ሰርግና መልስ የምቀርጽ ሰው ነኝ፣ ሰውና ስልክ የሌለበት ሰርግ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚ ስለ 250 ሜትር ሳይሆን ማንም ሱቅ ውስጥ ስላልነገረኝ ነገር ነው የምጽፈው፣ እሱም ትራንስሚተሩ (ተናጋሪው ልብስ ላይ የሚሰካው ክፍል) ራሱ ውስጥ ስላለው መቅረጫ።

አንድ መልስ ላይ የሙሽሪት አያት ሊመርቁ ተነሱ። ማይኩ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ተሰክቷል፣ ድምፁን የሚቀበለው ሪሲቨር ካሜራዬ ላይ ነው፣ በመሃላችን ያለው ርቀት ቢበዛ አስራ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ዘመድ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ከበባቸው፣ እሳቸውም ወደ ሙሽሮቹ ዞሩና ጀርባቸውን ለኔ ሰጡኝ። በቃ ከዛ በኋላ ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ፣ «ውለዱ» ይገባል «ክበዱ» ይጠፋል፣ ህዝቡ «አሜን» ሲል ግማሹ ብቻ ይመጣል። አንድ አዛውንት ምርቃት ላይ ሆነው ደግሞ «አባባ ይቅርታ እንደገና ይበሉልኝ» ተብሎ አይቋረጡም፣ ቢባሉም ያው ምርቃት አይሆንም። ከኔ ጋር የሚሰራው ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ።

ማታ ትራንስሚተሩን በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ሙሉ። ከ«ውለዱ» እስከ መጨረሻው «አሜን» አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ እንደውም ትንፋሻቸውና ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ የሚሰማው ሁሉ አለ። ያን ቀን ነው ይሄ እቃ ዋጋው ይገባዋል ያልኩት፣ አሁንም የምለው እሱኑ ነው።

ለምን እንደተቆራረጠ ማወቅ ስለምወድ ገባ ብዬ አጠናሁት። እንደዚ አይነት ትንንሽ ማይኮች አብዛኞቹ የሚሰሩት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ቦታ። እዛ ቦታ ላይ ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ የአዳራሹ ራውተር አለ፣ የእንግዳው ሁሉ ስልክ አለ። ጉልበትም ቢሆን በህግ የተገደበ ነው፣ ለምሳሌ አውሮፓ ውስጥ እዚህ ባንድ ላይ 100 ሚሊዋት ነው ጣሪያው፣ ስለዚ አምራቹ ቢፈልግም ጉልበት ጨምሮ ማለፍ አይችልም። የሚያደርገው ነገር ፍሪኩዌንሲ እየቀያየረ መዝለል ነው፣ አንዱ ሲጨናነቅ ወደ ሌላው። ከዛ ደግሞ የሰው ገላ አለ። ገላችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝን ደግሞ በደንብ ይውጠዋል። አያትየውን የከለላቸው ጋቢው አይደለም፣ ደረቅ ጥጥ ለሬዲዮ ምንም ማለት አይደለም፣ የከለላቸው የራሳቸው ጀርባና የከበባቸው ዘመድ ነው።

ደግሞ ይሄ ዲጂታል ስለሆነ እንደድሮው አናሎግ ማይክ ሽሽሽ እያለ ቀስ በቀስ አያስጠነቅቅህም። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ከዛ ዝም። የጠፋውን ዳታ ደግሞ ሊልክልህ ይሞክራል፣ ግን በቀጥታ የሚሄድ ድምፅ ስለሆነ ብዙ መጠበቅ አይችልም፣ ከጠበቀ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ውስጡ ያለው መቅረጫ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከተውም፣ ድምፁ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው የሚይዘው። ሲግናል ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም።

እና ወንድሜ ሻጩ፣ ይሄን ነበር መንገር የነበረብህ! 250 ሜትር ለኔ ምኔ ነው? ሁለት መቶ ሜትር ርቄ ሙሽራ የምቀርጸው ለምንድነው? ጭራሽ መቅረጫው ከፋብሪካ ሲመጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ካልከፈትከው በስተቀር አይሰራም። ማኑዋሉን ቁጭ ብዬ ስላነበብኩ እንጂ ስንቱ ገዝቶት እንዳለ እንኳን ሳያውቅ እየሰራበት ይሆናል።

ሁለተኛው ደስ ያለኝ ነገር ቀረጻው 32 ቢት ፍሎት መሆኑ ነው፣ ማለትም በጣም ዝቅ ያለውንም በጣም የጮኸውንም ድምፅ ሳይቆርጥ የሚይዝ የፋይል አይነት። ይሄ ለሰርግ ምን ማለት እንደሆነ እልልታ የቀረጸ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ሙሽራው በሹክሹክታ ያወራል፣ ወዲያው አጠገቡ ያሉት እናት እልልል ይላሉ፣ በሬዲዮ የመጣው ድምፅ ጣሪያውን ነክቶ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ኤዲቲንግ ላይ አይጠገንም። የውስጡ ፋይል ላይ ግን ያው እልልታ መስመሩን አልፎ የወጣ ይመስልና ቮልዩሙን ዝቅ ስታደርገው ንፁህ ሆኖ ይመለሳል። ማለቂያ የለውም እያልኩ አይደለም፣ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተጮኸበት ፍሎት አያድነውም፣ እኔ ግን እስካሁን እዛ የደረሰ እልልታ አልገጠመኝም። ቦታም ብዙ አይበላም፣ በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሰዓት ወደ 690 ሜጋባይት ነው፣ ውስጡ ያለው 8 ጊጋ ሚሞሪ ከጠዋቱ ቤተክርስቲያን እስከ ማታው ጭፈራ ይበቃል። ባትሪው ግን አይበቃም፣ ምሳ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ግድ ነው።

ሲግናሉም ቢሆን እንዲሁ አልተውኩትም። አሁን ሪሲቨሩን ካሜራ ላይ አላስቀምጠውም፣ ረጅም ስታንድ ላይ ከሰው ጭንቅላት በላይ ነው የምሰቅለው፣ በገመድ ወደ ካሜራው ይመጣል። ይቺ ብቻ መቆራረጡን በጣም ነው የቀነሰችው። ከአዳራሹ ራውተር ማራቅም እንደዛው። ነጠላና ጥበብ ላይ ስሰካ ደግሞ ጨርቁ ማይኩን እንዳይፈገፍገው በቴፕ እይዘዋለሁ፣ የጨርቅ ኮሽታ ከገባ መቅረጫውም ኮሽታውን በንፅህና ነው የሚቀርጽልህ።

ዩኤችኤፍ (ከዋይፋይ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሰራ ማይክ) ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ 500 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሰራ ጥሩ ዩኤችኤፍ ሰው መሃል ከኔው በደንብ ይሻላል፣ ከዋይፋይ ጋርም አይጋፋም። ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ እና የትኛው ፍሪኩዌንሲ ክፍት እንደሆነ ማጣራት የምትችል ከሆነ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ርካሽ ዩኤችኤፍ አገኘሁልህ» ካላችሁ ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ጠይቁት፣ እዛ የ600 ሜጋኸርዝ ባንድ ለሞባይል ኔትወርክ ስለተሰጠ አብዛኛው ቦታው ከጁላይ 2020 ጀምሮ ለማይክ ተከልክሏል፣ እዛ የማይሰራበት እቃ በርካሽ ሊሸጥለት ይችላል። ኩባንያው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ትራንስሚተሩ ውስጥ መቅረጫ የሌለው ዩኤችኤፍ ምርቃት መሃል አንዴ ከጠፋ ያው ጠፋ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የውስጡን ፋይል ከቪዲዮው ጋር ስታገናኘው መጀመሪያው ላይ ልክ ይሆንና ወደኋላ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የካሜራው ሰዓትና የትራንስሚተሩ ሰዓት እኩል አይሄዱም፣ ልዩነታቸው በሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳን አንድ ሰዓት ላይ 72 ሚሊሰከንድ ነው፣ ይሄ ከንፈር ላይ ይታያል። ስለዚ ረጅም ፕሮግራም ላይ ፋይሉን እየቆራረጥኩ ነው የማስተካክለው፣ አድካሚ ነው፣ እሺ ብዬ ግን እሰራዋለሁ።

በቅርቡ እዛው ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር፣ ልጁ በአዲሱ ልቀይርልህ፣ ትንሽ ጨምርና ይሄኛው 300 ሜትር ይስባል አለኝ። ውስጡ ይቀርጻል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ አይቀርጽም። ስለዚ አልቀየርኩም፣ የምቀይረው ታይምኮድ (የካሜራውንና የማይኩን ሰዓት የሚያገጣጥም ምልክት) ያለው ሲመጣ ነው።