ስድስት በተን ለአክስቴ ወፍጮ ቤት፦ ቲኪንተርን እንዲህ አገኘሁት

አክስቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ወፍጮ ቤት አላት። ሒሳቡን በደብተር ነበር የምትይዘው። ደብተሩ ዱቄት ይጠጣል፣ ቁጥሩ ይደበዝዛል፣ ማታ ከብሩ ጋር አይገጥምም። «ኮምፒውተር ተምረህ ይቺን አትሠራልኝም?» አለችኝ። አንድ የቆየ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሠራሁላት። መስኮቱንና በተኖቹን (ስክሪኑ ላይ የሚጫኑትን ቁልፎች) ያወጣሁት በቲኪንተር፣ ማለትም በፓይተን መስኮትና በተን መሥሪያ ነው። አራት ወር ሠራንበት።

በመጀመሪያ የወደድኩለት፣ ለብቻው አለመውረዱን ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ስትጭኑ አብሮ ይገባል። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ሲያሰኘው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ግን «ፓይተን3-ቲኬ» የሚባለውን ለብቻው መጫን ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ክፍያ የለውም። ከሥሩ ሆኖ መስኮቱን የሚያወጣው ቲኬ፣ ጆን አውስተርሃውት ለራሱ የቲሲኤል ቋንቋ የሠራው ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልኩም ዕድሜውን አይደብቅም።

በተን መሥራት አንድ መስመር ነው። የትኛው መስኮት ላይ እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጻፍበት፣ ሲጫኑት ምን እንደሚያደርግ ትነግሩታላችሁ። የመጨረሻው «ኮማንድ» ይባላል፤ ጀማሪውን ሁሉ የሚያደናቅፈውም እሱ ነው። ለኮማንድ የፋንክሽኑን (ሥራውን የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ስም ብቻ ስጡት። ቅንፍ ካደረጋችሁበት ጠራችሁት ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ይሠራና በተኑ ባዶውን ይቀራል። ለዘበኛው ስልክ ቁጥር ሰጥታችሁ «ሰው ሲመጣ ደውል» እንደማለት ነው። ራሳችሁ ከደወላችሁ፣ ሰው ሲመጣ የሚደወል ነገር የለም። ደግሞ ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል። የእኔ ፋንክሽን ስሙ «መዝግብ» ነው። ኮዱ ውስጥ ሳየው አሁንም ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ዙር ውስጥ የገባሁ ቀን ነው። እህሎቹ ስድስት ናቸው፦ ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ስድስት ጊዜ ከመጻፍ ብዬ በፎር ሉፕ፣ ማለትም ኮዱን በዙር በሚደጋግመው፣ አወጣኋቸው፤ ለኮማንዱም ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ሰጠሁት። አማረ። በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት 20 ኪሎ ጤፍ ይዘው መጡ። ሚዛን ላይ የሚቆመው ልጅ ጤፍን ተጫነ፤ ስክሪኑ የበርበሬ ሒሳብ አወጣ። «ምነው ልጄ፣ ጤፍ እኮ ነው ያመጣሁት» አሉ። ስንዴውንም ነካን፣ በርበሬ። ሽሮውንም፣ በርበሬ። ላምዳው እህሉን የሚያየው በተኑ ሲፈጠር ሳይሆን ሲጫን ነው። ያኔ ደግሞ ዙሩ አልቆ የመጨረሻው እህል ላይ ቆሟል። መድኃኒቱ ላምዳው ላይ «እህል=እህል» ብሎ መጻፍ ነው፤ እያንዳንዱ በተን የራሱን ይዞ ይቀራል። እኒያ እናት ቆመው ጠበቁኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሌላው፣ ልጁ በተኑን ሁለቴ ይመታዋል። አንድ ጆንያ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። እንደተጫነ «ስቴቱን» (ሁኔታውን) ዲሴብልድ፣ ማለትም የማይጫን አደረግሁትና «አፍተር» በሚባለው ከ1500 ሚሊሰከንድ በኋላ እንዲመለስ አዘዝኩት። ፕሮግራሙን ለጊዜው በሚያስተኛው «ስሊፕ» እንዳትሞክሩት! መስኮቱ በሙሉ ይደርቃል።

ቅር ያሰኘኝ ለግዕዝ ፊደል ያለው ጠባይ ነው። የበተን ስፋት የሚለካው በፒክስል ሳይሆን በፊደል ነው፤ ፊደል የሚለው ደግሞ የዜሮን ቁጥር ስፋት ነው። «ነጭ ጤፍ» ከነክፍተቱ አምስት ነው ብዬ 5 ሰጠሁት፤ ጫፉን ቆረጠብኝ። የእኛ ፊደል ከዜሮ ይሰፋላ። ስፋቱን ተውኩትና በተኖቹን በረድፍና በዓምድ በሚደረድረው ግሪድ ላይ «ስቲኪ» ብዬ እንዲለጠጥ አደረግሁት፤ የፊደሉንም መጠን 28 አደረስኩት። አሁን አክስቴ ያለ መነጽር ታነባለች።

ቀለም ላይም አስቡበት። ዊንዶውስ ላይ ሰርገኛውን ቀይ አድርጌው በደንብ ይታያል። የጓደኛዬ ማክ ላይ ግን የተራውን በተን ቀለም አልቀበልም አለ። «ቲቲኬ» የሚባለው ዘመናዊው በተን ደግሞ ቀለም በቀጥታ አይቀበልም፤ መልኩን ለብቻው በሚወስነው «ስታይል» በኩል መዞር አለባችሁ። ለስድስት በተን ያን ያህል መልፋት አልወደድኩም፤ በተራው ቀጠልኩ።

ለስልክ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ይሄ አይደለም። ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ላፕቶፕ፣ ለጥቂት በተን ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ሲከፈት አያስጠብቅም፣ አሮጌው ማሽንም አልተነጫነጨበትም። አክስቴ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ «የዱቤም አንድ ጨምርልኝ፣ ከበርበሬው ቀጥሎ» ብላኛለች።