የሸክላ ማጫወቻዬን ላስተካከሉልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያረጀውን የሸክላ ማጫወቻዬን ቤቴ ድረስ መጥተው ላስተካከሉልኝ ባለሙያ በይፋ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ማጫወቻ ኖሯችሁ የሚያይላችሁ ሰው ላጣችሁ ደግሞ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ እዚህ ላይ፣ እንደማወራቸው ሁሉ፣ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሊያገኛቸው የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ከጻፈልኝ አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ማጫወቻው ዱአል 1219 ነው። ዱአል እ.ኤ.አ. በ1907 በጀርመን ጥቁር ደን፣ ሳንክት ጌዮርገን በምትባል ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ 1219 የሚባለው ሞዴል ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የወጣ ነው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ብቻውን ከ3 ኪሎ ግራም ያልፋል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ማጫወቻዎች ሳህናቸውን በቺንጋ ሲያዞሩ፣ ይኼኛው ግን በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ ውስጠኛ ጠርዝ መካከል በምትገባ፣ ዙሪያዋ ጎማ በሆነ ትንሽ መንኮራኩር ነው የሚያዞረው። ይህን አስቀድሜ የማነሣው የችግሩ ግማሽ እዚያች ጎማ ላይ ስለነበረ ነው።

ማጫወቻው ከአጎቴ የደረሰኝ ሲሆን ሦስት ነገር ያስቸግረኝ ነበር። አንደኛ፣ ድምፁ ዘገም ከማለቱም በላይ ይዋልል ነበር፤ በተለይ ረዘም ብሎ የሚቆይ የፒያኖ ወይም የዋሽንት ድምፅ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ለማንም ጆሮ ይታወቅ ነበር። ሁለተኛ፣ የግራው ስፒከር ድንገት ይጠፋና ራሱ ሲፈልግ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የማስጀመሪያውን እጀታ ስገፋው መርፌውን የሚይዘው ክንድ ይነሣል እንጂ ወደ ሸክላው አይሄድም፤ እዚያው ማረፊያው አጠገብ ተመልሶ ይወርዳል።

ከጋሼ በፊት ሌላ ጠጋኝ አይቶት ነበር። ከፍቶ የሚረጭ ዘይት በየቦታው ነፋበት፤ ለሁለት ቀን ያህል ክንዱ የተሻለው መሰለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍጥነቱ ጭራሽ ባሰበት። ዳግመኛ ስወስድለት «ዕቃው አልቆለታል፣ መለዋወጫም የለውም» ብሎ መለሰልኝ፤ እኔም አምኜው ዕቃ ቤት ላስገባው ነበር።

ጋሼ በመጡ ጊዜ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ «እስቲ በደንብ የምታውቀውን አንድ ሸክላ አጫውትልኝ» አሉኝ። ክንዱን በእጄ አንሥቼ አስቀመጥኩላቸውና አንድ ገጽ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ሳይናገሩ አዳመጡ። ቀጥለው ዙሪያውን 180 ጥቁር መስመሮች የተሣሉበት ክብ ወረቀት አወጡና ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ትንሽ የኒዮን መብራት አበሩበት። የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እንዲህ ያለውን መብራት በሰኮንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም በደቂቃ 6000 ጊዜ ብልጭ ያደርገዋል። ሳህኑ እንደሚገባው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ከዞረ በእያንዳንዱ ብልጭታ አንዱ መስመር በሌላው ቦታ ላይ ስለሚተካ 180ዎቹ መስመሮች የቆሙ ይመስላሉ። የእኔዎቹ ግን ወደ ኋላ ይንሸራተቱ ነበር፤ ያውም ባንድ ዓይነት ፍጥነት ሳይሆን ገታ፣ ለቀቅ እያሉ። ወደ ኋላ መሄዳቸው ሳህኑ መዘግየቱን፣ ገታ ለቀቅ ማለታቸው ደግሞ ጎማዋ ሳህኑን ሳትይዝ እየሸሸች መሆኑን እንደሚያሳይ አስረዱኝ። (ማጫወቻችሁ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ይህን ወረቀት በተለይ ሞክሩት፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ዘንግ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ሳህኑ በአንድ ስድስተኛ ይዘገያልና ጥፋቱ የሞተሩ እንዳይመስላችሁ።)

ከዚያ ሳህኑን አነሡ። መሐሉ ላይ ክፍት ቀለበት የምትመስል የብረት መያዣ አለች፤ በአንድ ጣታቸው ከድነው በትንሽ ካቻቢቴ አወጧት፤ ካልከደኗት ተፈናጥራ የት እንደገባች እንደማትታወቅ እየነገሩኝ። የጎማዋን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ቢያሳልፉት ጨርቁ ላይ ቡናማ የዘይት መስመር ወጣ። ጨርቁን አሳዩኝና «የዚህች ሥራ መያዝ ነው፤ ዘይት የተቀባ ነገር እንዴት አድርጎ ይይዛል?» አሉ። ያ የተረጨው ዘይት እየፈሰሰ የደረሰው እዚያ ነበር።

ጎማዋን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረጉ፤ የሞተሩን ዘንግና የሳህኑን ውስጠኛ ጠርዝም እንዲሁ። ከብዙ ዓመት ብዛት ያንጸባረቀውን የጎማዋን ፊት በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ መንኮራኩሯን በእጃቸው እያዞሩ፣ ለስለስ አድርገው ነኩት። ሞተሩን ፈተው ኩሺኔታዎቹን አጸዱ፤ እነዚህ ኩሺኔታዎች ዘይት በውስጣቸው ከሚይዝ ቀዳዳማ ነሐስ የተሠሩ በመሆናቸው በየጫፉ ሁለትና ሦስት ጠብታ ቀላል የማሽን ዘይት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተርፎ የሚሄደው ወደዚያችው ጎማ ነው።

የክንዱ ነገር ግን የበለጠ አስደነቀኝ። ማሽኑን ገልብጠው በመቆሚያ ላይ ካስቀመጡት በኋላ ከሥሩ ያሉትን ማንሻዎች አንድ በአንድ በጣታቸው እየገፉ አሳዩኝ። በፋብሪካ የተቀባው ግራሶ ከ50 ዓመት በኋላ እንደ ሰም ጠጥሮ ማንሻዎቹን አጣብቋቸዋል። ያን ሁሉ ፈተው፣ አጥበው፣ በአዲስ ግራሶ መለሱት፤ የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን በወረቀት ላይ በሣሉት የማሽኑ ሥዕል ላይ በየቦታው እየሰኩ ስለነበረ ሲገጥሙ አንዲትም አልተሳሳተችባቸውም። ሆኖም ክንዱ አሁንም ወደ ሸክላው አልሄደም። ጋሼም ይህን ጠብቀውት ነበርና በማጉያ መነጽር ዋናው ማንሻ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን ሹል ዘንግ አሳዩኝ። እዚያ ላይ የክብሪት ራስ የማታህል የጎማ ቆብ መኖር ነበረባት። የዱአል ባለቤቶች «ሽቶየርፒምፕል» እያሉ የሚጠሯት ይህች ቆብ ናት ክንዱን በሰበቃ ይዛ ወደ ሸክላው የምትገፋው። በእኔ ማሽን ላይ ከእርጅና ብዛት ተፈርፍራ ጠፍታ የቀረው ዝቃጭ ብቻ ነበር። ጋሼ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ላይ ልኬቷን ጠብቀው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው በፒንሴት አለበሷት። እጀታውን ስገፋ ክንዱ ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ ከሸክላው መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ሲያርፍ ሁለታችንም አንድ ላይ «አሃ!» አልን። መለዋወጫ የለውም የተባለው ዕቃ የጎደለው ይህች ነበረች።

የግራው ስፒከር ጥፋት ከዚህ ይቀላል። ክንዱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ድምፁን የምትዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከክንዱ ሥር አለች፤ መገናኛዎቿ ዝገት ይዘው ስለነበር ሲጸዱ ድምፁ ተመለሰ። የሞተሩ ማብሪያ ላይ ያለውን አሮጌ ካፓሲተርም ለውጠውታል፤ ይህ ከዋናው ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኤክስ 2 የሚል የደኅንነት ደረጃ ያለው መሆን እንዳለበትና እኔ ራሴ እንዳልነካው አጥብቀው ነገሩኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን እኔን ስላስተማሩኝ ነው። በሦስተኛው ቀን መጥተው መሣሪያውን በእጄ ሰጡኝና እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የክንዱን የኋላ ክብደት እያዞርኩ ክንዱ በአየር ላይ እንደ ሚዛን እስኪቆም ድረስ አስተካከልኩ፤ ከዚያ ለእኔ ካርትሪጅ (መርፌው ለተሰካበት የክንዱ ጫፍ ክፍል) የሚስማማውን የ1.5 ግራም ጫና ሰጠሁትና በትንሽ የመርፌ ሚዛን አረጋገጥኩ። እኔ መርፌው ቀለል ቢል ለሸክላው የሚራራ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ክብደቱ ያነሰው መርፌ ድምፁ ከተቀረጸበት የሸክላው ቦይ ግድግዳ ጋር እየተላተመ የበለጠ እንደሚጎዳው አስረዱኝ። ካርትሪጁንም ከመሐል ዘንጉ 66 እና 121 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙ ሁለት ነጥቦች ላይ ከቦዩ አቅጣጫ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ በወረቀት መለኪያ አስተካከልኩ። አራት ጊዜ አበላሽቼ በአምስተኛው ተሳካልኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ስጠኝ እኔ ላድርገው» አላሉኝም።

መርፌዬን በማጉያ አይተው መለወጥ እንዳለበት ነገሩኝ፤ እሳቸው መርፌ አይሸጡምና የምገዛበትን ቦታ መርጬ እንድወስን ለእኔ ተዉልኝ። የአልማዝ መርፌ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት እንደሚያገለግል ነግረውኝ የእኔን አብረን አሰላነው፤ በቀን ሁለት ባለ 40 ደቂቃ ሸክላ ለሚያዳምጥ ሰው 500 ሰዓት ከአንድ ዓመት ትንሽ ነው የሚያልፈው። መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ መጥረግ፣ ሸክላዎቹን ከማጫወት በፊት ማራገፍ፣ ጎማዋን በየጥቂት ወሩ ማየት፤ ይኸው ነው የሰጡኝ የቤት ሥራ። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመሩ፤ ሁሉንም «ሸክላ» እያልን ብንጠራቸውም በደቂቃ በ78 ዙር የሚጫወቱት የጥንቶቹ የተሠሩት ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነውና አልኮል ያቀልጣቸዋል። እነሱን አልኮል ባለበት ፈሳሽ ማጠብ ሸክላውን ማጥፋት ነው።

እሳቸውን ለምትጠሩ ሰዎች በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ጋሼ ቸኩለው አይሠሩም፤ የእኔ ሥራ በሦስት ቀጠሮ ነው ያለቀው። ዋጋቸውን አይተው አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከተናገሩትም አልጨመሩብኝም። የክንዱን የውስጥ ሽቦዎች እንዲቀይሩልኝ ስለምናቸው ለክተው ደኅና ናቸው ብለው እምቢ አሉኝ፤ ያልተበላሸ ነገር እንዲቀይርላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል።

ስትጽፉልኝ የማጫወቻችሁን ስምና ቁጥር፣ ሳህኑ በቺንጋ ወይም በጎማ የሚዞር መሆኑንና ችግሩ መቼ እንደሚብስ ጨምሩልኝ፤ ከተቻለም ጋሼ አስቀድመው እንዲሰሙት አንድ ደቂቃ ድምፅ ቅዱና ላኩ። እስኪመጡ ድረስ ምንም ዓይነት ዘይት አትርጩበት፤ ከቦታ ወደ ቦታ ማንቀሳቀስ ካለባችሁም የመርፌውን መከለያ አልብሳችሁ፣ ክንዱን ከማረፊያው ጋር በለስላሳ ክር አስራችሁ፣ ሳህኑን ለብቻው አውጥታችሁ ውሰዱት።