ጎንድለው ያዳኑልን አባባ

ይህን የምጽፈው አንድ አባትን ለማመስገን ነው። በጅማ ዙሪያ ያረጀ የቡና ማሳ ኖሯችሁ ግራ ለገባችሁ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ አወጣኸው ሲሉኝ ከሰማሁ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውኛል፤ እሳቸው ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። መንደሩ በሙሉ «አባባ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

አባቴ ሲያርፍ ማና ወረዳ፣ ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የቡና ማሳ ትቶልን ሄደ። እኔ ጅማ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሱቅ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ። ስለ ቡና የማውቀው አቦል፣ ቶና፣ በረካን ነበር። ዛፎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ሽቅብ ሄደው ሄደው ፍሬ የሚይዙት ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ለቃሚው ለመድረስ ሲጎትት ቅርንጫፉን ይገነጥለዋል። ለእንዲህ ያለ ቡና መላው ጉንደላ ነው፤ ያረጀውን ዛፍ ቆርጦ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። «ባለሙያ ነኝ» ያለኝን አንድ ሰው ከከተማ ይዤ ሄድኩ። በሁለት ቀን የማሳውን ጥግ ጠራርጎ ጣለው። ጉቶዎቹን መሬት አስነክቶ፣ አናታቸውን ሜዳ አድርጎ። ክረምቱ ገባ፣ ውሃ ተኛባቸው፣ በሰበሱ። ብሩም ቡናውም ሄደ። ጎረቤታችን «አባባን ሳትጠይቅ?» ብሎ የወሰደኝ ያኔ ነው።

መጡ። አንዱን ጉቶ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይሄን ማን ሞቷል ብሎ ቀበረው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለቀማ ካለቀ በኋላ እንደሚመለሱ ነግረውኝ ሄዱ። እኔ ለነገ ነበር የቸኮልኩት። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው።

በጋው ላይ፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ ጉንደላው ተጀመረ። ከመሬት ክንድ በማይሞላ ከፍታ ነው የሚቆርጡት፤ በኔ ሜትር ስለካው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። አቆራረጡ ዘመም ያለ ነው፣ የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት። ያ ሰውዬ ያጠፋው ይህችን ነበር። ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ገጀራውን እሳት ያስልሱታል። እኔ ልማድ መስሎኝ ነበር። ለካ የቡና አድርቅ በሽታ በመሣሪያ ከቁስል ወደ ቁስል ይሻገራል። አንዷን የታመመች ዛፍማ ከነሥሯ አስነቅለው እዚያው አስቃጠሏት።

ሁሉንም አልቆረጡም፤ በዓመት ሲሶውን ብቻ ነው። «ባንዴ ከጨረስከው ዘንድሮ ምን ልትለቅም ነው?» አሉ። ዝናቡ መጥቶ ጉቶው ቀንበጥ ሲያፈላ ደስ ብሎኝ ሁሉንም ላሳድግ አልኩ። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ትተው ሌላውን ቆረጡት። «አንዲት እናት ስንት ታጠባለች?»

ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «በቡናው በሽታ ሰሞን ነው ያገባሁት» ይላሉ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ እናንተው አስሉት። ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ እየጠቆረ ሲረግፍ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ። ለኛ ቁጥር ናቸው፦ 741፣ 74110፣ 74112። አባባ ግን እንደ ልጆቻቸው ነው የሚጠሯቸው። «ሰባ አራት አንድ አስር ጠቅጠቅ ያለች ናት፣ ጠበብ ያለ ቦታ ይበቃታል» ሲሉ ስለ ጎረቤት ልጅ የሚያወሩ ይመስላል። ጓሯቸው በዋንዛና በሳሳ ዛፍ ጥላ ሥር ችግኝ ያፈላሉ። አዲስ ጎጆ ለወጣ ከዚያ ይሰጣሉ፣ በነፃ።

አሁን ስለ ክፍያው። ሥራው ሲያልቅ ብር አወጣሁ። እጄን መለሱት። አብረዋቸው ለሚሠሩት ሁለት ወጣቶች የቀን ሒሳባቸውን ክፈል አሉኝ፣ ከፈልኩ። «የኔን ደግሞ እዚያ ትከፍላለህ» ብለው በጣታቸው ወደ ታች አሳዩኝ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ያልደረሱላት ሴት ማሳ ናት። ሁለት ቀን አረም ማረም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ እጄ ውሃ ቋጠረ። እዚያው ማሳ ላይ እንደኔ «ዕዳ» የሚከፍል አንድ አስተማሪ አገኘሁ፣ አንድ ሹፌርም ነበር። ሁላችንም የአባባ ደንበኞች ነን! ሴትዮዋ ቡና አፍልታ፣ ቆሎ አቅርባ ጠበቀችን። በኋላ እንደሰማሁት የመንደሩ ምንጭ የተጠረገው፣ ክረምት ላይ የሚቆረጠው መንገድም ድንጋይ የለበሰው በዚሁ መንገድ ነው። ቡና የጎነደሉለት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ላቡን ጠብ አድርጓል።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልካቸው ከሳምንቱ ግማሹን ጠፍቶ ነው የሚውለው። ዓርብ አይሠሩም። ሽምግልና ከተጠሩ ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ፤ በኔ ማሳ ላይ ለሰው ድንበር ክርክር ግማሽ ቀን ቀልጦብኛል። ይቆጣሉም። ቀይና አረንጓዴ ቀላቅሎ የለቀመ ሰው ላይማ አያድርስ።

መጀመሪያ የተጎነደለው ሲሶ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ከታች እስከ ላይ ቀላ። ልጆቼ ቆመው ለቀሙት፣ ያለ መሰላል። ቡናውን መሬት ላይ ማስጣት ተከልክለን ከፍ ያለ ማስጫ አልጋ ሠራን። አባባ አንድ ቀን መጥተው ጀንፈሉን፣ ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና፣ እፍኝ አነሱና ጆሮዬ ሥር ነቀነቁት። «ተናገረ?» አሉኝ። ሲደርቅ ውስጡ ያንኳኳል። ተናግሯል አልኳቸው። አባቴ ቢሰማው ብዬም አሰብኩ።

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋለቶማ።

የምትፈልጓቸው ካላችሁ ለቀማው ካበቃ በኋላ ሂዱ፣ ከጥር ጀምሮ ማለት ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና መንገዱን እነግራችኋለሁ። ገጀራ አትያዙ፣ የራሳቸውን እንጂ የሰው አያምኑም። ጓንት ግን ያዙ።