ለትንሽ ክላስተር የቱ ይሻላል? ባለ 1 ጊጋቢት፣ ባለ 10 ጊጋቢት ወይስ ኢንፊኒባንድ

ድሬዳዋ ላይ ከአራት እስከ ስምንት ኮምፒውተር እንደ አንድ እንዲሠሩ አያይዘው (ክላስተር ማለት ይህ ነው) ስሌት ሊያሠሩ ካሰቡ፣ ስለ ኔትወርክ ካርድና ስለ ስዊች (ማሽኖቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ከመጠየቅዎ በፊት ማሽኖቹ ምን እንደሚለዋወጡ ይወቁ። ትልልቅ ፋይል ከሆነ የሚወስነው በሰከንድ የሚያልፈው መጠን ነው፤ እልፍ ጥቃቅን መልእክት ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ መልእክት መዘግየት ነው።

ባለ 1 ጊጋቢት ኢተርኔት ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ካት 5ኢ ገመድም እስከ 100 ሜትር ይበቃዋል። በተግባር በሰከንድ 117 ሜጋባይት ገደማ ስለሚያሳልፍ 100 ጊጋባይት ለማሻገር ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እያንዳንዱ ማሽን ድርሻውን ለብቻው ሠርቶ ውጤቱን ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ (የመጨረሻው ምስል በስሌት ሲወጣ)፣ ከዚህ በላይ ማውጣት ገንዘብ መበተን ነው።

ባለ 10 ጊጋቢት ያንኑ ፋይል በአንድ ደቂቃ ተኩል ያደርሳል፤ ዲስኩ ከቻለ። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚቆም ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ዋናው ምርጫ ግን የሶኬቱ ዓይነት ነው። በተለመደው አርጄ 45 ሶኬት የሚሠራው በየፖርቱ ከ2 እስከ 5 ዋት ይበላል፤ ኤስኤፍፒ ፕላስ የሚባለው ሌላው ሶኬት ከዳክ ኬብል (ሁለት ጫፉ ላይ መሰኪያው አብሮ የተሠራለት አጭር የመዳብ ገመድ) ጋር ከ1 ዋት በታች ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ድሬ፣ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ይህ ልዩነት ስዊቹን ያስጨንቀዋል (ሐረር ላይ ደጋው ይረዳል)። ማሽኖቹ አንድ ራክ (የማሽን መደርደሪያ) ላይ ካሉ ከ1 እስከ 3 ሜትር ዳክ ይግዙ። ክፍል ለክፍል ተራርቀው ካት 6 ቀድሞ የተዘረጋ ከሆነ ብቻ አርጄ 45 ይመረጣል፤ ያም እስከ 55 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ካት 6ኤ ያስፈልጋል። ሁለት ማሽን ብቻ ካለ ስዊች አያስፈልግም፤ ባለ ሁለት ፖርት ካርድ ካለ ሦስትም በሦስት ማዕዘን ይያያዛሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሰርቨር ካርዶች የራሳቸው ፋን የላቸውም። ተራ ታወር ውስጥ ሲገቡ ይግሉና ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ባለ 40 ሚሊሜትር ፋን ፊት ለፊታቸው ያስሩ፤ አቧራውንም ቶሎ ቶሎ ያራግፉ።

ኢንፊኒባንድ (ከኢተርኔት የተለየ፣ መዘግየቱ በጣም አነስተኛ የሆነ ማገናኛ) ወጪው የሚያዋጣው በየእርምጃው ማሽኖቹ እርስ በርስ በሚጠባበቁበት ስሌት ነው፤ የአየር ወይም የፈሳሽ ፍሰት ስሌት እንዲህ ነው። በተራ ኢተርኔት አንድ መልእክት 40 ማይክሮ ሰከንድ ቢወስድ፣ አንድ ሚሊዮን ተከታታይ መልእክት 40 ሰከንድ ጥበቃ ነው፤ በኢንፊኒባንድ በ1.5 ማይክሮ ሰከንድ ሲታሰብ አንድ ሰከንድ ተኩል። ያገለገሉ ባለ 56 ጊጋቢት ኮኔክትኤክስ 3 ካርዶች ርካሽ ናቸው፤ ሆኖም የአምራቹ አዲስ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስለማይደግፋቸው ከሊኑክስ ከርነል ጋር የሚመጣውን ይጠቀሙ። ማዘርቦርዱ ላይ የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ባለ 8 መስመር የካርድ ማስገቢያም ይፈልጋሉ። ረጅም መስሎ በውስጡ 4 መስመር ብቻ የተያያዘለት ማስገቢያ አለና የማዘርቦርዱን መመሪያ ሳያዩ አይግዙ።

ሌላው ጣጣ መብራት ሲሄድ ይመጣል። ኢንፊኒባንድ ሰብኔት ማኔጀር የሚባል ፕሮግራም አንድ ቦታ ካልሠራ አይነሳም፤ ያንን የያዘው ማሽን ሳይነሳ ከቀረ የሌሎቹ ካርዶች መብራት እየበራ ፖርቱ «ኢኒሺያላይዚንግ» ላይ ተገትሮ ይቀራል። ስዊቹ የራሱ ሰብኔት ማኔጀር ከሌለው ኦፕንኤስኤም የሚባለውን ሰብኔት ማኔጀር ሁለት ማሽን ላይ ይጫኑ። ገመዱም ሱቅ ጎራ ብለው የሚያነሱት ዕቃ ስላልሆነ ትርፍ አንድ ካርድና ሁለት ገመድ አብረው ይግዙ።

ባለ 10 ጊጋቢት ከመረጡ፣ ሻጩ ፊት ሁለት ማሽን አገናኝተው የኔትወርክ ፍጥነት በሚለካው አይፐርፍ 3 ፕሮግራም ይለኩ። በሰከንድ 9.4 ጊጋቢት አካባቢ መሆን አለበት። 3 ጊጋቢት ላይ ከቆመ ካርዱን ከመመለስዎ በፊት ሌላ ማስገቢያ ላይ ይሞክሩት።