ፓይተንን ከጋራ ድራይቭ ማስነሳት ወይስ በየኮምፒውተሩ መጫን?

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ ዓይነት ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) በ20 ወይም በ30 የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ አራት መንገዶች አሉ፦ ፓይተኑን ራሱን ከጋራ ድራይቭ (ሁሉም በኔትወርክ ከሚደርሱበት የሰርቨር ዲስክ) ማስነሳት፣ በየኮምፒውተሩ መጫን፣ ፓይኢንስቶለር በተባለ መሣሪያ ፓይተን ሳይጫን ወደሚሠራ ፕሮግራም (ኢኤክስኢ) መቀየር፣ ወይም ዋናውን ቅጂ ድራይቩ ላይ አስቀምጦ ሥራውን ከየኮምፒውተሩ ዲስክ ማስኬድ። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ፤ ልዩነታቸው ጣጣው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ለዝግጅት ከጋራ ድራይቭ ማስነሳትን የሚስተካከል የለም። «ኤምቤደብል» የሚባለውን ዚፕ አውርዶ መፍታት ብቻ ነው፤ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) አይነካም፣ የአድሚን ፈቃድም አይጠይቅም። ፒፕ (ፓኬጅ መጫኛው) እና ቲኪንተር (መስኮትና አዝራር መሥሪያው) ግን የሉትም። ተጨማሪ ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) በሳይት-ፓኬጅስ ፎልደር በኩል እንዲሠራ ስሙ በፒቲኤች የሚያልቀውን ፋይል ከፍቶ ከ«ኢምፖርት ሳይት» ፊት ያለውን የ# ምልክት ማጥፋት ያስፈልጋል።

ዋጋው ፍጥነት ላይ ይታያል። ፓይተን ሲነሳ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን እየፈለገ ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ፍለጋ ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ ነው። አንድ ፕሮግራም ለመነሳት ሰርቨሩን 3000 ጊዜ ይጠይቃል እንበል። በኬብል ኔትወርክ ምላሹ በግማሽ ሚሊሰከንድ ቢመጣ 1.5 ሰከንድ ነው፤ በቪፒኤን (ከቢሮ ውጭ በኢንተርኔት በሚያያዝ መስመር) በኩል 30 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ግን 90 ሰከንድ። የመስመሩን ሜጋቢት ማሳደግ ብዙ አይፈይድም፤ የሚያዘገየው የፋይሉ መጠን ሳይሆን ምልልሱ ነው። የትኛው ሞጁል (የኮድ ክፍል) እንደሚጎትት ለማየት ከ3.7 ጀምሮ ያለውን «ኢምፖርትታይም» የተባለ የኤክስ አማራጭ ጨምሮ ማስነሳት በቂ ነው።

ካሹም አለ። ፓይተን ኮምፓይል ያደረገውን (ለማስኬድ ወደሚመች ቅርጽ የቀየረውን) ኮድ ለቀጣዩ ጊዜ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ተጠቃሚዎች ማንበብ ብቻ ከተፈቀደላቸው (መሆን ያለበትም እንዲያ ነው) ማስቀመጥ አይችልም፤ ስህተት ሳያሳይ የተጨመሩትን ፓኬጆች በየጊዜው እንደ አዲስ ኮምፓይል ያደርጋል። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው «ኮምፓይልኦል» የተባለውን ሞጁል አንዴ ካስኬደ ይህ ይቀራል። ለሁሉም የመጻፍ ፈቃድ ሰጥቶ መገላገል ግን አይታሰብ፦ እዚያ አንድ ፋይል የቀየረ ሰው በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ የፈለገውን ኮድ ያስኬዳል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይታወቃሉ። በዜድ ፊደል የተያያዘ ድራይቭን ታስክ ስኬጁለር (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) በሲስተም አካውንት (በዊንዶውስ የራሱ አካውንት) ሲሠራ አያየውም፤ ሙሉውን የሰርቨር አድራሻ መጻፍ፣ ለኮምፒውተሩ አካውንትም የማንበብ ፈቃድ መስጠት ያሻል። አንድ ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ምሳ ከወጣ ደግሞ ዲኤልኤሎቹ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው የኮድ ፋይሎች) ስለሚቆለፉ በአዲስ መተካት አይቻልም። አዲሱ ቨርዥን በራሱ ፎልደር ይግባ።

በየኮምፒውተሩ መጫን ፈጣኑ ነው፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም ይሠራል። ድካሙ ከወራት በኋላ ይመጣል፦ አንዱ 3.9፣ ሌላው 3.12 ይዞ ይገኛል። የማዕከል ማሰራጫ ሶፍትዌር ካለ ይህን ይምረጡ።

ፓይኢንስቶለር ፓይተን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ተጠቃሚ ይመቻል። በአንድ ፋይል የሚወጣው ኢኤክስኢ ግን በተነሳ ቁጥር ራሱን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ስለሚፈታ ይዘገያል፤ አንቲቫይረስም ያለ ጥፋቱ ሊይዘው ይችላል። በፎልደር የሚወጣው ይሻላል። አንድ መስመር ኮድ ሲቀየር ግን እንደገና መገንባት አይቀርም።

ለአብዛኛው ቢሮ የምንመርጠው አራተኛውን ነው። ተጠቃሚው ጠቅ የሚያደርገው ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) መጀመሪያ ሮቦኮፒ በተባለው የዊንዶውስ ፋይል መገልበጫ የድራይቩን ቅጂ ከራሱ ዲስክ ጋር ያመሳስላል፤ ከዚያ ፓይተንን ከዲስኩ ያስነሳል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የተቀየረው ብቻ። ለሮቦኮፒ የድጋሚ ሙከራውን ብዛትም የመጠበቂያውን ጊዜም 1 አድርገው ይስጡት። ካልተነገረው 30 ሰከንድ እየጠበቀ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ አንድ የተቆለፈ ፋይል ሥራውን ሁሉ ያቆመዋል። የመውጫ ቁጥሩም ያሳስታል፦ 1 ማለት ፋይል በትክክል ተገልብጧል ማለት ነው፤ ባች ፋይሉ ውድቀት ብሎ መቁጠር ያለበት ከ8 ጀምሮ ያለውን ነው። የማመሳሰል አማራጩ መድረሻው ላይ ያገኘውን ትርፍ ፋይል ይሰርዛል፤ ስለዚህ መድረሻው ለዚህ ብቻ የተፈጠረ ፎልደር ይሁን፣ ውጤት የሚጻፍበትም ሌላ ቦታ ይሁን።

ስክሪፕቱ ትንሽ ከሆነ፣ ተጠቃሚዎቹ ሦስት አራት ከሆኑና ሁሉም በኬብል ከተያያዙ፣ በቀጥታ ከድራይቩ ማስነሳት ይበቃል።